አስታማሚ የሌለው አልጋ፦ ከመሃል አዲስ አበባ የቀዶ ሕክምና ዋርድ የተገኘ የጉዳይ ጥናት

ማክሰኞ ጠዋት ስድስት የሦስተኛ ዓመት የነርሲንግ ተማሪዎቼን ይዤ ዋርድ ገባሁ። የዕለቱ ሥራ አንሶላ መቀየርና ገላ ማጠብ ነበር። ጥግ ላይ ወዳለው አልጋ የተመደቡት ሁለት ተማሪዎች ታካሚውን በጎኑ ሲያዞሩት አንደኛዋ ቀና አለችና ሳትናገር በዓይኗ ጠራችኝ። ከወገቡ ዝቅ ብሎ፣ ከመቀመጫው በላይ ባለው ጠፍጣፋ አጥንት ላይ፣ የግማሽ መዳፍ ያህል ቆዳ ጠቁሮ ላልቷል፤ መሃሉም ተከፍቶ ቢጫ ነገር ይታያል። ታካሚው ግድግዳውን እያየ ዝም ብሏል። ከእምብርቱ በታች ስሜት ስለሌለው ምን እንዳየን አያውቅም።

ከአልጋው ግርጌ የተንጠለጠለውን ቻርት ገለጥኩት። በየሁለት ሰዓቱ መገላበጡን የሚገልጸው መስመር በእንግሊዝኛ ተጽፎ፣ ከገባበት ቀን አንስቶ በየፈረቃው ተፈርሞበታል። አንድም ባዶ ቦታ የለውም።

ያ የአልጋ ቁስልና ያ ቻርት በአንድ አልጋ ላይ እንዴት ሊገናኙ ቻሉ የሚለው ጥያቄ ሰባት ሳምንት ያህል ይዞን ቆየ። የምጽፈው በታካሚው ፈቃድ ነው፤ ፈቃዱን እንዴት እንዳገኘሁ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ። ማንነቱን የሚያሳብቁ ዝርዝሮችን አንዳንዱን ትቻለሁ፣ አንዳንዱን ለውጫለሁ። ሆስፒታሉንም የማስተምርበትንም ተቋም አልጠራም።

ልጁ

ሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለ ወጣት ነው። ከወላይታ መጥቶ ሰንጋ ተራ አካባቢ በሚሠራ ፎቅ ላይ በቀን ሠራተኝነት ብሎኬት ያመላልስ ነበር። ከጥምቀት በኋላ ባለው ሳምንት የቆመበት የባሕር ዛፍ ስካፎልዲንግ ከድቶት ወደቀ። አከርካሪው ተሰብሮ ሕብለ ሰረሰሩ ተጎድቷል። የሥራ ጓደኞቹ በሚኒባስ ጭነው አመጡት፤ ፎርማኑ የመጀመሪያውን ቀን ሂሳብ ከፍሎ ስልክ ቁጥሩን ሰጥቶ ሄደ። ስልኩ ከዚያ በኋላ አልተነሳም።

ቤተሰቡ ገጠር ነው። መውደቁን እንኳ የሰሙት ከሳምንታት በኋላ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ መታወቂያ የለውም፤ መታወቂያ ከሌለው ደግሞ የነፃ ሕክምና ደብዳቤ የሚጽፍለት ወረዳ የለም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት የሕክምና ወጪውን መሸፈን ያለበት አሠሪው ነው። ልጁን የቀጠረው ግን የንዑስ ተቋራጭ ንዑስ ተቋራጭ ሆኖ ተገኘ፤ ውሉም በቃል ነበር። የሆስፒታሉ የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያ ወር ሙሉ ስትደውልና ደብዳቤ ስትጽፍ ቆይታ ከዋናው ተቋራጭ የተወሰነ ገንዘብ አስገኘች። ይህ የእርሷ ሥራ ነበርና በአግባቡ የምትናገረውም እርሷ ናት። እኔ ወደ አልጋው ልመለስ።

የመጀመሪያው መልስ ጥፋተኛ ፍለጋ ነበር

ቁስሉ በታየ ማግስት በጠዋቱ ርክክብ ላይ ክርክር ተነሣ። የቀን ፈረቃ የሌሊቱን ወቀሰ፤ የሌሊቱ የሰው ቁጥሩን አነሣ። እኔም ንጹሕ አልነበርኩም። ተማሪዎቼ ዋርዱን ከያዙ ሳምንታቸው ነበር፤ ባለፈው ሐሙስ ያንን ጀርባ አይተውት "ቅላት የለም" ብለው ጽፈዋል። ቅላት ፈልጉ ብዬ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ።

እዚህ ላይ ልቆይ፤ ነገሩ ቀላል አይደለም። የአልጋ ቁስል የመጀመሪያ ደረጃ መለያው በጣት ሲጫኑት የማይነጣ ቅላት ነው ተብሎ በየመማሪያ መጽሐፉ ተጽፏል። በክፍል ውስጥ የማሳያቸው ፎቶዎችም የነጭ ሰው ተረከዝና የነጭ ሰው ዳሌ ናቸው። የእኛ ታካሚ ቆዳ ግን ሲጎዳ አይቀላም። መጀመሪያ ከአካባቢው ትንሽ ጠቆር ይላል፤ ወይን ጠጅ ነገር ሊመስል ይችላል፤ በደብዛዛ አምፖል ጭራሽ ላይታይ ይችላል። የሚያሳውቀው እጅ ነው። የእጅን ጀርባ አስጠግቶ ከጎኑ ካለው ቆዳ ይልቅ መሞቁን ወይም መቀዝቀዙን፣ መጠንከሩን ወይም እንደ በሰለ ፍሬ መላላቱን መለየት ይቻላል። ልጁ ሐሙስ ዕለት በእጅ ተዳስሶ ቢሆን ኖሮ ማክሰኞ ያየነውን አናይም ነበር ብዬ አምናለሁ። ቆዳው ከመከፈቱ ብዙ ቀደም ብሎ ውስጡ ይሞታል። በአጥንቱና በስፖንጅ ፍራሹ መሃል የተጨመቀው ሥጋ ደም ሳያገኝ ይቆያል፤ ደቃቅ የደም ሥሮችን ለመዝጋት የሚበቃው ግፊት በመማሪያ መጻሕፍት 32 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ገደማ ተብሎ ይጠቀሳል። ተጋድሞ የሚውል ሰው ይህን በቀላሉ ያልፈዋል። ጤነኛ ሰው ሲቆረቁረው በእንቅልፍ ልቡ ይገላበጣል። ይህ ልጅ የሚቆረቁረው ነገር የለም።

ተረከዞቹ ስር ደግሞ ውኃ የተሞሉ ሁለት ጓንቶች አገኘን። አንድ ነርስ አዝና ያደረገችለት ነው። ልማዱ በየዋርዱ አለ፤ ዛሬ ግን ዓለም አቀፍ መመሪያዎች አይመክሩትም። ጓንቱ ይንሸራተታል፣ ክብደቱንም በትንሽ ቦታ ላይ ያከማቻል። ከጥጥ ወይም ከካላማዳሪ የሚሠራው ክብ መደገፊያም እንዲሁ ነው፤ ዙሪያውን አንቆ መሃሉን ደም ያሳጣዋል። ጓንቶቹን አነሣንና አንድ ጋቢ አጥፈን ከባቱ ስር አስገባን፤ ተረከዞቹ ከፍራሹ ተነሡ።

ሦስት ሌሊት

ቻርቱ ግን አላስተኛኝም። ያን ሁሉ ነርስ "ዋሽታችኋል" ማለት አልቻልኩም፤ ብዙዎቹን አስተምሬያቸዋለሁ፣ ጠባያቸውን አውቃለሁ። ከዋርዱ ኃላፊ ጋር ተነጋግሬ፣ ለሌሊት ፈረቃ ነርሶችም ምን እንደምንሠራ በግልጽ ነግረን፣ ሦስት ሌሊት ከተማሪዎቼ ጋር እየተፈራረቅን ዋርድ አደርን። ወረቀታችን ላይ የያዝነው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ማን ማንን አገላበጠ፣ በስንት ሰዓት።

በሌሊት ሁለት ነርሶች ከሠላሳ በላይ ታካሚ ይይዛሉ። መርፌ አለ፣ ጉሉኮስ አለ፣ ከቀዶ ሕክምና ክፍል የወጣ አለ፣ ከድንገተኛ የሚመጣ አለ። ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ንጋት 12 ሰዓት ሁለቱም አልተቀመጡም። ታካሚዎቹ ደግሞ ተገላብጠዋል፤ ያገላበጧቸው አስታማሚዎቻቸው ናቸው። እናት ከአልጋው ስር ካነጠፈችው ካርቶን ተነሥታ ልጇን ታዞራለች፤ ሚስት ባሏን ከጎረቤት አስታማሚ ጋር ተጋግዛ ታዞራለች፤ ታናሽ ወንድም ስልኩን በየሁለት ሰዓቱ እንዲጮኽ አድርጎ ይነሣል። ነርሷ ንጋት ላይ ትፈርማለች። ፊርማዋ "እኔ አዞርኩት" ማለት አልነበረም፤ "ዞሯል" ማለት ነበር። ከሞላ ጎደል በሁሉም አልጋ እውነት ነበር፤ አስታማሚ ከሌለው ከዚያ ከጥጉ አልጋ በቀር።

በሦስቱ ሌሊት ልጁ የተገላበጠው እኛ ስናዞረው፣ አንድ ጊዜ ደግሞ የሽንት ቱቦው፣ ካቴተሩ፣ ፈስሶ አንሶላው ሲቀየር ነው።

ይህን ካየሁ በኋላ የምሰጠውን ትምህርት እንደገና አነበብኩት። "ነርስ ታካሚዋን በየሁለት ሰዓቱ ታገላብጣለች" ይላል። አስታማሚ የሚለው ቃል በኮርሱ ውስጥ የለም፤ "ቤተሰብ" የሚለው አለ፣ እርሱም ምክር ተቀባይ ሆኖ ነው። በ1949 እ.ኤ.አ. ዛሬ የካቲት 12 በምንለው ሆስፒታል የቀይ መስቀል የነርሶች ትምህርት ቤት ሲከፈት ትምህርቱ ከውጭ መጣ፤ የመጣበት አገር ዘመድ በጥየቃ ሰዓት አበባ ይዞ ገብቶ የሚወጣበት አገር ነው። ሥነ ሥርዓቱን፣ ንጽሕናውን፣ ሥነ ምግባሩን ስላመጣልን አመሰግናለሁ። ግን የእኛን ዋርድ ሌሊት የሚያድርበትን ሰው አላየውም፤ ከዚያ ወዲህ ያለን መምህራንም ስሙን አልጨመርንለትም።

ምርምራችንም ያው ነው። ስለ አልጋ ቁስል እየገመገምኳቸው ከምመጣቸው የመመረቂያ ጽሑፎች አብዛኞቹ ለነርሶች መጠይቅ አድለው ዕውቀትና አሠራር የሚለኩ ናቸው። "በየስንት ሰዓቱ ይገላበጣል?" ተብሎ ይጠየቃል፤ ነርሱ "በየሁለት ሰዓቱ" ብሎ ያከብባል፤ ትክክል ይባላል። ማን ያገላብጣል የሚል ጥያቄ አላየሁም።

ሰባተኛው መስመር

ከተማሪዎቼ ጋር ልጁ ለአልጋ ቁስል ያለውን ተጋላጭነት በብራደን መለኪያ አሰላን። መለኪያው በ1987 እ.ኤ.አ. የታተመ ሲሆን ስድስት ነገር ይጠይቃል፦ ስሜት፣ እርጥበት፣ ከአልጋ መነሣት፣ በራስ መገላበጥ፣ አመጋገብ፣ መፈተግ። ከ6 እስከ 23 ይቆጠራል፤ ባነሰ ቁጥር አደጋው ይብሳል። ለልጁ 11 ወጣ፤ ከፍተኛ አደጋ ነው። ሁለት አልጋ አልፎ ያለ አንድ አባት ላይ ስናሰላም 11 ወጣ። እርሳቸው ሁለት ሴቶች ልጆች እየተፈራረቁ ያስታምሟቸዋል፤ ቆዳቸው ደህና ነው።

ከተማሪዎቹ አንዱ፣ በክፍል ውስጥ ድምፁ የማይሰማ ልጅ፣ በወረቀቱ ግርጌ በእጁ ጨመረ፦ "ማን አብሮት አለ? ቀን? ሌሊት?" ነጥብ አልሰጠነውም። ብዙ ቦታ ተፈትኖ የጸደቀ መለኪያ ላይ ቁጥር መጨመርና መቀነስ ትክክል አይደለም፤ ውጤቱን ከሌላው ጋር ማነጻጸር አይቻልም። ስለዚህ ከድምሩ ውጭ አስቀመጥነው። "ማንም" የሚል መልስ ያለበት ካርድ ላይ ቀይ ክር አሰርን። ነርሷ በሌሊት መጀመሪያ የምትሄደው ወደ ቀይ ክር ነው፤ ዘመድ ያለው አልጋ ራሱን ይጠብቃል።

ልጁን ለማዞር ግን ነርሷ ብቻዋን አትበቃም። ሐኪሞቹ መገላበጡን የፈቀዱት አከርካሪው ሳይጣመም፣ እንደ ግንድ ባንድ ላይ ከዞረ ነው፤ ይህ ሦስት ሰው ይፈልጋል። ከጎኑ ያለው አልጋ ላይ እግሩ የተሰበረ ልጃቸውን የሚያስታምሙ አንድ የሰላሌ እናት ነበሩ፤ ዋርዱ በሙሉ "እማማ" ይላቸዋል። ሳንጠይቃቸው እጃቸውን አስገቡ። "እኔ ትከሻውን እይዛለሁ፣ እናንተ ወገቡን ያዙ" አሉ። አንድ ጊዜ አሳየናቸው፤ ከዚያ በኋላ ሲያዩን ሌላውን አስታማሚ የሚያርሙት እርሳቸው ሆኑ። ቁስሉ ጀርባው ላይ ስለሆነ በጀርባው መተኛት አቆምን። ወደ ቀኝና ወደ ግራ ብቻ፣ ዳሌው አጥንት ላይ ሙሉ በሙሉ ሳይሆን ሠላሳ ዲግሪ ያህል ጋደል ብሎ፣ ከጀርባው ትራስ ተደግፎ።

ግድግዳው ላይ አንድ ወረቀት ለጠፍን። ሰዓት ተስሎበታል፤ በእኛ አቆጣጠር፦ 12 ሰዓት ላይ ወደ ቀኝ፣ 2 ሰዓት ላይ ወደ ግራ፣ እያለ ይዞራል። ቃል የለበትም ማለት ይቻላል፤ ፊቱ ወደ በሩ ወይም ወደ መስኮቱ የዞረ ሰው ብቻ። የእንግሊዝኛውን ቻርት ማንበብ የማይችሉት እማማ ይህንን ያነቡታል።

የሌሊቱ ችግር ግን በእማማ ላይ ብቻ ሊጫን አይገባም ነበር። እሑድ እሑድ የሥራ ጓደኞቹ ብርቱካን ይዘው ይመጣሉ። ቀን ቢቀሩ የቀን ክፍያቸው ይቀራል፤ ማታ ግን ነፃ ናቸው፤ የሚያድሩትም አንድ ክፍል ውስጥ ለስምንት ተደርበው ነው። "ለምን እዚህ አታድሩም?" አልኳቸው። "ጥበቃው አያስገባንም" አሉኝ። የጥየቃ ሰዓት ካለፈ የአስታማሚ ካርድ የሌለው አይገባም፤ የልጁ አልጋ ካርድ ደግሞ ወስዶት የሚያውቅ ሰው ስለሌለ ዋርዱ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። የዋርዱ ኃላፊ ካርዱን አውጥታ ሰጠቻቸው። ሦስቱ ተራ አወጡ፤ ከዚያ ምሽት ጀምሮ አንዱ ሲሚንቶ የነካ ጫማውን በር ላይ አውልቆ፣ ካርቶኑን አንጥፎ ከአልጋው ስር ያድራል። በዚህ ሥራ ውስጥ ካደረግናቸው ነገሮች ሁሉ ልጁን ይበልጥ የረዳው ይህ መሰለኝ፤ ዋጋውም መሳቢያ መክፈት ነበር።

"እሺ"

ልጁን "ገባህ?" ስንለው "እሺ" ይላል። "ውኃ ጠጣህ?" "እሺ።" "ያምሃል?" "እሺ።" አማርኛው ጥቂት እንደሆነ አውቀን ነበር፤ ምን ያህል ጥቂት እንደሆነ ግን አላወቅንም። የነገረችን የዋርዱ የጽዳት ሠራተኛ ናት። እርሷም ወላይታ ናት፤ ወለሉን ስትወለውል በቋንቋው ታወራዋለች። አንድ ቀን መወልወያዋን አቁማ፣ "ሲስተር፣ እሺ የሚላችሁ ስለሚፈራችሁ ነው" አለችኝ። አብራን ተቀመጠች። በሩብ ሰዓት ውስጥ የሰማሁት በሦስት ሳምንት ካወቅሁት ይበልጣል። ነርስ በጠራ ቁጥር ሂሳብ የሚጨመርበት መስሎታል። ውኃ መጠጣት ቀንሷል፤ የሽንት ከረጢቱን ሌላ ሰው ሲደፋለት አፍሮ። እግሩ መቼ እንደሚነሣ የነገረው ሰው የለም፤ ሐኪሙ ነግሮታል፣ በአማርኛ።

ከዚያ ወዲህ ለእርሷ ከኃላፊዋ ፈቃድ ጠይቀን በየቀኑ ሃያ ደቂቃ ያህል ታስተረጉምልን ጀመር። ይህ መፍትሔ እንዳልሆነ አውቃለሁ። የታካሚን ምስጢር የመስማት ሸክም ያለ ሥልጠናና ያለ ክፍያ በአንዲት የጽዳት ሠራተኛ ላይ ጭነናል። ምስጢር ስለመጠበቅ ከእርሷ ጋር ለብቻ ተነጋገርን፤ ስለ ሽንትና ስለ ወንድነቱ ያሉትን ጥያቄዎች ደግሞ በሥራ ጓደኛው በኩል እንድናደርግለት ልጁ መረጠ።

በዚያው ሳምንት አንዲት የድኅረ ምረቃ ተማሪ ለመመረቂያ ጥናቷ መረጃ ልትሰበስብ መጣች። ስለ ተኝቶ ታካሚዎች እርካታ ነው። የፈቃድ ቅጿ ሦስት ገጽ ነው፤ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ማኅተም አለው፣ በአማርኛም ተተርጉሟል። በሰው ላይ ስለሚደረግ የሕክምና ምርምር የወጣው የሄልሲንኪ መግለጫ ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚጠይቀውን፣ የእኛም አገር የምርምር ሥነ ምግባር መመሪያ የሚያዝዘውን ሁሉ ይዟል። አነበበችለት። "እሺ" አለና አውራ ጣቱን ዘረጋ።

"ቆይ" አልኳት። የጽዳት ሠራተኛዋን ጠራን። ወረቀቱ ምን እንደሆነ በቋንቋው ስትጠይቀው፣ አልጋው ላይ እንዲቆይ የሚፈቅድ ወረቀት መስሎት ነበር። ተማሪዋ ወረቀቷን ሰበሰበች፤ ቅር አላላትም፣ ደነገጠች እንጂ። በማግስቱ ተመልሳ ወረቀቱን ቦርሳዋ ውስጥ ትታ፣ ቁጭ ብላ በአስተርጓሚዋ በኩል በቃል አስረዳችው። እምቢ ቢል ሕክምናው እንደማይቋረጥ ነገረችውና መልሶ በራሱ ቃል እንዲነግራት ጠየቀችው። ነገራት። ከዚያም እምቢ አለ።

በዚያ ዋርድ ከአፉ የሰማነው የመጀመሪያ እምቢታ ነው። ተማሪዋ አመስግናው ሄደች፤ ምሳው መጣ፣ ቁስሉ ተጠረገ፣ ምንም አልቀረበትም። ከሰዓት በኋላ ውኃ ጠየቀ። ማታ ላይ፣ ከሰዓቱ ግማሽ ሰዓት አሳልፈን ነበርና፣ የግድግዳውን ሥዕል በጣቱ አሳይቶ "ግራ" አለ።

የተማሪዋ መጠይቅ "መመለስ የማይችሉ" ታካሚዎችን ከጥናቱ ያስወጣል። ብዙዎቹ መጠይቆች እንዲሁ ናቸው፤ ለሥራ ይመቻል። ያን ዓይነት ታካሚ ስናስወጣ ግን ማንን እያስወጣን እንደሆነ በዚያች ዕለት በዓይኔ አየሁት። ይህን ጽሑፍ ልጽፍ ስነሣም በዚያው መንገድ ጠየቅኩት፤ በቋንቋው፣ በቃል፣ በሁለት የተለያየ ቀን። በመጀመሪያው ቀን "ላስብበት" አለ። በሁለተኛው ቀን ሲፈቅድ አንድ ነገር ለመነኝ፦ የወደቀበት ሰፈር እንዲጻፍ። ጽፌዋለሁ።

እንቁላል፣ ሁዳዴና አንድ ተቃውሞ

ቁስል ያለ ፕሮቲን አይሞላም። የሆስፒታሉ ምግብ ዳቦ፣ ሻይ፣ ሽሮ ነው፤ ሌላውን የሚያሟላው አስታማሚ ነው። ሁዳዴ ገብቶ ስለነበር የጎረቤት አስታማሚዎች የሚያካፍሉት ሁሉ የጾም ሆነ። ልጁ ጴንጤ ነው፤ አይጾምም። ተማሪዎቹ አዋጥተው እንቁላል ይገዙ ጀመር፤ እማማ ደግሞ ጾመኛ ሆነው ሳለ እንቁላሉን ልጠው፣ በትንሹ እየቆረሱ አጉርሰውት፣ እጃቸውን ታጥበው ወደ ልጃቸው ይመለሳሉ። ቁስሉ በየቀኑ በጨው ውኃ እየታጠበ፣ የሞተው ሥጋ በሐኪም እየተነሣ፣ በስድስተኛው ሳምንት ንጹሕና ቀይ ሆነ፤ ዙሪያው መጥበብ ጀመረ። አልተዘጋም። ሌላ ቦታ ግን አዲስ ቁስል አልወጣም።

ሥራችንን ሁሉም አልወደደውም። ለብዙ ዓመት የሠሩ አንዲት ነርስ በስብሰባ ላይ ተነሥተው፣ "አስታማሚን በወረቀት ላይ ካሰፈራችሁት፣ ነርስ ጨምሩልን ስንል አስታማሚ አለላችሁ ይሉናል" አሉ። ደግሞም፣ "እነዚህ አስታማሚዎች ማን ናቸው? ሴቶች ናቸው፤ ከጉሊታቸው፣ ከእርሻቸው ተነቅለው የመጡ" አሉ። መልስ አልነበረኝም፤ አሁንም ሙሉ መልስ የለኝም። ያልተከፈለ ሥራን በቅጽ ላይ ማስፈር ሥራውን ሕጋዊ ሊያደርገው ይችላል። ሳናሰፍረው በኖርንባቸው ዓመታት ግን ነርስ አልተጨመረልንም፤ የሌሊቱም ሥራ ማን እንደሠራው ሳይታወቅ ቀርቷል። እርሳቸውን ይዤ የቀጠልኩት በአንድ ነገር ተስማምተን ነው፦ ከሰባተኛው መስመር ጎን "ነርስ መሥራት የነበረባት፣ አስታማሚ የሠራችው" የሚል ዓምድ እንዲኖር። ሥራው ተደብቆ እንዳይቀር፣ የነርሷም ድርሻ ሆኖ እንዲጻፍ። ዓምዱ በተማሪዎች ቅጽ ላይ አለ። በዋርዱ መደበኛ ቻርት ላይ እስካሁን የለም፤ ቅጹን የሚለውጠው ሌላ አካል ነው፣ ደብዳቤ ጽፈናል።

በትምህርቱ ላይ የለወጥኩት በእጄ ያለውን ነው። የቆዳ ምርመራን አሁን የማስተምረው ተማሪው ዓይኑን ጨፍኖ በእጁ ጀርባ እንዲዳስስ አድርጌ ነው፤ ፎቶው በኋላ ይመጣል። የተግባር ፈተናውም አስታማሚን ማሠልጠን ሆኗል፦ ተማሪው ራሱ ማገላበጡ አይበቃም፣ ማንበብ ለማይችል አንድ ሰው አሳይቶ፣ ያ ሰው መልሶ ሲሠራው ማየት አለበት።

ወንድምየው

ታላቅ ወንድሙ የመጣው በአምስተኛው ሳምንት ነው። በሬ ሸጦ መጣ። አልጋው ስር ሁለት ሳምንት አደረ፤ ካቴተር ማጠብ፣ ቁስል መሸፈን፣ ማዞር፣ በእጅ ጀርባ መዳሰስ ተማረ። ያስተማረው ያ ድምፁ የማይሰማው ተማሪ ነው፤ የጽዳት ሠራተኛዋ እያስተረጎመች። ሲሄዱ የሰዓቱን ሥዕል ከግድግዳው ነቅለን ሰጠነው፤ ለመንገዱም ከሚኒባሱ የኋላ ወንበር ላይ ሁለት ፍራሽ ደርበን በጎኑ አስተኛነው። በየሁለት ሰዓቱ መኪናው እንዲቆም ከሹፌሩ ጋር የተስማሙት የሥራ ጓደኞቹ ናቸው።

ከፋሲካ በኋላ ስልኬ ጠራ። ወንድምየው ነው፤ አማርኛው ከታናሹ ይሻላል።

"ሲስተር፣ ግራ ተረከዙ ጥቁር አይደለም። ግን ስዳስሰው ይሞቃል። ቀኙ አይሞቅም።"

"መቼ ጀመረ?"

"ዛሬ ጠዋት። ትናንት ማታ ደህና ነበር፤ ዳስሼዋለሁ።"

ተረከዙ ምንም እንዳይነካው፣ ጋቢውን አጥፎ ከባቱ ስር እንዲያደርግ ነገርኩት። አድርጎታል፤ የደወለው ሌላ የሚያደርገው ነገር ካለ ለመጠየቅ ነበር። በአቅራቢያቸው ወዳለው ጤና ጣቢያ ሄዶ እንዲያሳይ አልኩት። ከሦስት ቀን በኋላ መልሶ ደወለ፤ ሙቀቱ ጠፍቷል፣ የጀርባው ቁስልም አሁን በአውራ ጣት ይሸፈናል አለኝ።